የእመቤት ቦታ

የእናቴን አልጋ የምረግጠው እኔ ነበርኩ።

አልጋ ስል እንጨትም ሽቦም የለውም። ከድንበሩ ማዶ፣ ማንያታ በሚባል ሰፈር በነበረው ግቢያችን፣ ከፍየሎቹ በረት አጠገብ የተቆፈረ፣ አንድ ሰው የሚያስተኛ ጎድጓዳ ቦታ ነው። ሐምሌ ገብቶ ጭጋጉ ቆርቆሮው ላይ እስከ ረፋድ መንጠባጠብ ሲጀምር፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እዚያ ውስጥ እንጨትና የደረቀ የፍየል በጠጥ እናነዳለን። ነበልባሉ አልቆ ፍሙ ብቻ ሲቀር፣ ዳር ላይ የተከመረውን አፈር አንድ ስንዝር ያህል እንመልስበታለን። ከዚያ የእኔ ሥራ ይመጣል። ጫማዬን አውልቄ አፈሩን ከራስጌ እስከ ግርጌ እረግጣለሁ። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነው። ቀስ እያለ ግን ሙቀቱ ከሥር እየመጣ ውስጥ እግሬ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ቁርጭምጭሚቴ፣ ከዚያ ጉልበቴ ድረስ ይወጣል። እስከ ዛሬ ከዚያ የበለጠ ሙቀት አላውቅም።

ዘዴውን ለእናቴ ያስተማረቻት የግቢው ባለቤት ሀዋኦ ናት። እኔ አዴ ሀዋኦ እያልኩ እጠራት ነበር። ቦሪ በሚባል ገጠር ውስጥ ከግመልና ከፍየል ጋር ያደገች የቦረና ሴት ስለሆነች ውጭ ማደር ለእሷ አዲስ ነገር አልነበረም። እናቴ ምንታምር ግን የወሎ ሰው ናት። አባቴን ተከትላ በጭነት መኪና ድንበሩን ተሻግራ መጥታ፣ ከኡራን የሚመጡ ፍየሎችን ጥቂት ጥቂት እየገዛች፣ አሳድራ አብልታ የምትሸጥ ነጋዴ ሆና ነበር። ፍየል ታውቃለች። መሬት ላይ መተኛትን ግን ከአዴ ሀዋኦ ነው የተማረችው።

«አፈሩ ከሳሳ ትጠበሻለሽ» ትላታለች አዴ ሀዋኦ። «ካልተረገጠ ደግሞ እንፋሎቱ ሌሊት ይወጣና ያረጥብሻል። ከዚያ ብርዱ አጥንትሽ ውስጥ ይገባል።» ወደ እኔ ዞር ትልና፣ «ኢንታላ፣ በደንብ ርገጪ። እናትሽን እንዳትቀቅያት» ትላለች። ልጅቱ ማለቷ ነው። ስሜን ኢክራን ብላ የምትጠራኝ ስትቆጣ ብቻ ነበር።

እንፋሎቱ ወጥቶ ሲያልቅ እናቴ ቁርበት ታነጥፍበታለች፤ ከቁርበቱ ላይ ጆንያ። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ድንጋይ ተደርድሯል። ከዚያ የበረቱ በር ይከፈትና ፍየሎቹ ይወጣሉ። እናቴ ጎኗን ስታሳርፍ ዙሪያዋን ይተኛሉ፤ አንዱ እግሯ ላይ፣ አንዱ ሆዷ ሥር። እመቤት የምትባለው አሮጊት ፍየል ግን ሌሎቹን ሳትጠብቅ፣ ቀጥ ብላ ሄዳ ከእናቴ ጀርባ ትንበረከካለች። ሁልጊዜ ያው ቦታ ነው። ሌላ ፍየል ቀድሟት ከተገኘ በቀንዷ ታነሳዋለች።

«በይ አንቺ ግቢ» ትለኛለች እናቴ።

እግሬ ገና እየሞቀ ቤት እገባለሁ። ያሞቅኩት አልጋ ላይ እመቤት ትተኛለች።

ከዚያ በፊት እኔና እናቴ የምንተኛው አንድ ፍራሽ ላይ ነበር። እግሬ ሲቀዘቅዝ በሁለት እግሮቿ መሃል ታስገባውና፣ «ይሄ የማን እንቁራሪት ነው?» ትለኛለች። ፊቴን አንገቷ ሥር እደብቃለሁ። ትንፋሿ ፀጉሬ ውስጥ ሲገባ ይሰማኛል። አንድ ቀን ከሆስፒታል ተመልሳ፣ ምንም ሳትናገር ቁርበቱንና ጆንያውን ተሸክማ ወደ ግቢው ወጣች።

«የት ነው?» አልኳት።

«ፍየሎቹን ልጠብቅ ነው። ሌባ በዝቷል።»

አመንኳት። በእሷ ቦታ አዴ ሀዋኦ ከእኔ ጋር መተኛት ጀመረች። አዴ ሀዋኦ ጥሩ ሴት ናት፤ ነገር ግን ታንኮራፋለች፣ ብርድ ልብሱንም ብቻዋን ትጠቀለልበታለች።

ሌባ አልነበረም። ቲቢ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ሦስት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ ቃላት ስጽፍ አሁንም ትኩር ብዬ አያቸዋለሁ። ይህች ሁለት ፊደል ብቻ ናት። ትንሽነቷ ይገርመኛል።

ልጅ ሆኜ ያየሁት ግን ሌላ ነገር ነው። እናቴ የራሷ ቀይ ኩባያ አላት፣ ማንም አይነካባትም። ምግቧን ለብቻዋ ትበላለች። ስታወራኝ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። ስጠጋት ትነሳና ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል ሄዳ ትቀመጣለች። እንግዳ ትመስለኝ ነበር። የሆነ ቤት ሄዳ ትልቅ ሰው ሆና የተመለሰች፣ እኛን የናቀች እንግዳ።

አንድ ማታ ከበሩ ኋላ ሆኜ ድስት ሳጥብ ሁለቱ ውጭ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ዳክታሩ ምን አለሽ?» አለች አዴ ሀዋኦ።

«ስድስት ወር።»

«ያልፋል ኢንሻ አላህ። ልጅቷስ?»

«ልጅቷንማ አላስጠጋትም። ብታለቅስም፣ ብትጠላኝም አላስጠጋትም።»

«ይከብድሻል እኮ።»

«ይክበደኝ።»

ስድስት ወሩ የእመቤት እርግዝና መሰለኝ። ፍየል የምትወልደው በአምስት ወር እንደሆነ አውቅ ነበርና፣ የእሷ እርግዝና እንኳን ከሌሎቹ ይበልጣል ማለት ነው ብዬ ይበልጥ ጠላኋት። የቀረውን ግን መተርጎም አላስፈለገኝም። አላስጠጋትም ብላለች። ፍየል ይጠጋል፣ እኔ አልጠጋም።

ልጅ ስለነበርኩ ነገሩን ቀላል አድርጌ አሰብኩት። እናቴ ውጭ የምታድረው ለፍየሎቹ ነው። ፍየሎቹ ከሌሉ ቤት ትገባለች።

ከብት ገበያው ላይ ሀልካኖ የሚባል ነጋዴ ነበር። ፍየል በጭነት መኪና ወደ ደቡብ የሚልክ፣ በትር ሳይዝ የማይሄድ፣ ሲስቅ ሆዱ ቀድሞት የሚስቅ ሰው። አዴ ሀዋኦ ወተት ይዛ ስትወርድ ተከትያት ሄድኩና ልብሱን ጎተትኩት።

«ኦቦ ሀልካኖ፣ ፍየሎቻችንን ግዛ።»

«ስንቱን?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም?» አለና አጠገቡ ወደቆሙት ነጋዴዎች ዞረ። «ደላላ መጣልን። ኮሚሽንሽ ስንት ነው ኢንታላ?»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

«እመቤትንም ግዛ» አልኩት።

«እመቤት ያቺ አሮጊቷ? እሷማ ከእኔ ጋር እኩያ ናት። ማን ይበላታል? ጥርስ ያለው ሰው ከየት ይመጣላታል?»

«አትብሏት። ብቻ ውሰዳት።»

አሁን ጎንበስ አለ። «ለምንድን ነው መሸጥ የፈለግሽው?»

«እናቴ ቤት እንድትገባ።»

ሆዱ መሳቁን አቆመ። ቀና ብሎ አዴ ሀዋኦን አያት። አዴ ሀዋኦ የወተት ዕቃዋን ክዳን እየከፈተች ትዘጋለች። ሀልካኖ በበትሩ መሬቱን ትንሽ ጫር ጫር አደረገና፣ «እሺ» አለኝ። «ከንግድ ሰው ጋር ስለተነጋገርኩ ደስ ብሎኛል። እመጣለሁ።»

እውነትም መጣ። ፍየሎቹ በገመድ እየተያያዙ ሲወጡ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንደ ትልቅ ሰው እመለከታለሁ። እመቤት መጨረሻ ወጣች። አልታገለችም። እናቴ ራቅ ብላ ቆማ በቀኝ እጇ የግራ ክንዷን ይዛ ታያቸዋለች። ሀልካኖ ሲያልፍ ዓይኑን ጠቀሰኝ። ሥራውን የሠራሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።

ለብዙ ዓመት እንደዚያ አምኜ ኖርኩ። በኋላ አዴ ሀዋኦ እንደነገረችኝ በሽያጩ እናቴና ሀልካኖ ከተስማሙ ቆይተው ነበር። መድኃኒቱን በየቀኑ ሆስፒታል ድረስ ሄዳ ነበር የምትውጠው። መንገዱ አድክሟት፣ ከኡራን ፍየል የሚያመጣውን መኪና መጠበቅም፣ ገበያ ቆሞ መከራከርም አልቻለችም። ሀልካኖ ግን ይህን አልነገረኝም። የእኔ አድርጎ ተወልኝ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱን ጠረግኩ። ፍራሹን አውጥቼ አራገፍኩ። የእናቴን ወገን በመዳፌ እየደባበስኩ አስተካከልኩት። የአዴ ሀዋኦን ትራስ ወስጄ በሯ ላይ አስቀመጥኩላት፤ ከአሁን በኋላ ወደ ቤቷ ትሂድ ብዬ። ከዚያ ተቀምጬ ጠበቅኩ። በረቱ ባዶ ነው። የፍየል ሽታው ብቻ አለ፤ ጭጋጉ ሲወርድ ይበልጥ ይሸታል።

ፀሐይ ስትጠልቅ የዶማ ድምፅ ሰማሁ።

ብቅ ስል እናቴ ጎድጓዳውን እየጠረገች ነው። አዴ ሀዋኦ እንጨት ትሰብራለች። ሁለቱም ሌላ ማታ እንደሚያደርጉት ነው የሚያደርጉት። እሳቱ ነደደ። ፍሙ ቀረ። አፈሩ ተመለሰ። ማንም ስለ ፍየሎቹ አላነሳም።

«ኢክራን» አለች እናቴ። «ነይ ርገጪ።»

ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ ረገጥኩ። ዛሬ ግን እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። ተረከዜን አንስቼ እጥለዋለሁ። ሙቀቱ ወደ እግሬ ሲመጣ ብስጭቴ ባሰ። እንባዬ አፈሩ ላይ ሲወድቅ በእግሬ እቀብረዋለሁ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ እጄን ብዘረጋ በማልደርስባት ርቀት ቆማለች።

«ይበቃል» አለች።

«አልበቃም።»

«ኢክራን፣ ደርቋል እኮ።»

«አልደረቀም። ትቀቀያለሽ።»

አዴ ሀዋኦ አንገቷን ሰብራ ወደ ቤት ገባች። እናቴ አልገባችም፣ አልተጠጋችኝም፣ እስክደክም ድረስ ጠበቀችኝ። ሲደክመኝ ቆምኩ።

«ፍየሎቹ ተሸጡ እኮ» አልኳት።

«ተሸጡ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

መልስ ለመስጠት አፏን ከፍታ ሳል ቀደማት። ዞራ ሳለች። ብዙ ሳለች። ሲያበቃ፣ ሳትዞር፣ «በይ አንቺ ግቢ» አለችኝ።

አሁን እኔ እናት ነኝ፤ ደግሞ የምጨነቅ እናት። ልጆቼ ተኝተው ሳለ ተነስቼ እግራቸውን እዳስሳለሁ፤ የቀዘቀዘ ካገኘሁ ካልሲ አጠልቅበታለሁ። ሙጂባ ትልቋ ልጄ፣ «እማ፣ ሞያሌ ነን እኮ፤ በረዶ አገር አይደለንም» ትለኛለች። በየጊዜው ጤና ጣቢያ ሄጄ ስለሚያስል ልጅ እጠይቃለሁ። አንድ ጊዜ ነርሷ እንደነገረችኝ፣ መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ በሽታውን ወደ ሌላ ማስተላለፉ በጣም ይቀንሳል። እናቴ ያኔ መድኃኒት ከጀመረች ቆይታ ነበር። ምናልባት ቤት መግባት ትችል ነበር። ነግረዋት ይሆናል። እኔ እንደማውቃት ግን ብትሰማም አታምንም፤ የእኔን ትንፋሽ በምናልባት አታስይዝም።

ያን ማታ አዴ ሀዋኦ ትራሷን አንስታ ተመልሳ መጣች። አጠገቤ ተኝታ ማንኮራፋት ጀመረች።

ሊነጋ ሲል ነቃሁ። የእናቴ ሳል ከወትሮው የተለየ ነበር። ሌላ ጊዜ ፍየሎቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ አንዱ ያነጥሳል፣ ሳሉ በመሃላቸው ይጠፋል። አሁን ብቻውን ነው። ከብርድ ልብሱ ወጥቼ በሩን ገፋሁት። ጭጋጉ ከመውረዱ የተነሳ በረቱ አይታይም። በእግሬ መንገዱን ስለማውቀው አልተቸገርኩም፤ መሬቱ ይበርዳል፣ ይበርዳል፣ ከዚያ ትንሽ ሞቅ ይላል። እዚያ ቆምኩ።

እናቴ በጎኗ ተኝታ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባለች። ፊቷ ወደ ድንጋዩ ነው። ጀርባዋ ላይ ብርድ ይገባባታል፤ የእመቤት ቦታ ባዶ ነበር።

ቀስ ብዬ እዚያ ቦታ ገብቼ ተኛሁ።

ትንፋሿ ቆመ። እንዳልተኛች አወቅኩ።

«ማነው?» አለች።

ኢክራን ካልኩ ግቢ ትለኛለች።

«እመቤት» አልኩ።

ጭጋጉ ከቆርቆሮው ጫፍ ይንጠባጠባል። «እመቤት ተሸጣለች» አለች ቆይታ።

«ተመለሰች።»

«ከሀልካኖ አምልጣ?»

«አዎ። እሱ ሲሮጥ ያለከልካል።»

ጀርባዋ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ብርድ ነው ብዬ ነበር፣ ሳቅ ነው። ሳቁ ሳል ሆነ። ጉንጬ ጀርባዋ ላይ ተለጥፎ ስለነበር ሳሉ ድምፅ ሳይሆን ከውስጥ ሲነሳ ይሰማኛል፤ ሩቅ ቦታ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። ሲያበቃ ትዞራለች ብዬ ጠበቅኩ። ፊቴን አንገቷ ሥር ለማስገባት ተዘጋጅቼ ነበር። አልዞረችም።

«እመቤት ከሆንሽ ቦታሽን ታውቂያለሽ» አለች ወደ ድንጋዩ። «ጀርባዬ ጋ። ወዲህ አትምጪ።»

«እሺ።»

«ከጀርባ ንቅንቅ እንዳትዪ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

እጇ ወደ ኋላ መጣ። ሳታየኝ፣ እየዳበሰች፣ የለበሰችውን ብርድ ልብስ ጫፍ ከሥሬ ወሸቀችው፤ ከዚያ እግሬን ፈልጋ አገኘችው፤ በመዳፏ ጨበጠችው። ስለ እንቁራሪት አልጠየቀችኝም። ነገር ግን እስክትነሳ አልለቀቀችውም።

ያን ጊዜ ከልቤ አዝኜ ነበር። ጠልታኝ ነው ፊቷን የነሳችኝ ብዬ። ሌላውን ልጅ እናቱ ሙሉ ሌሊት ታቅፈዋለች፣ እኔ ጀርባ ደረሰኝ ብዬ። ዛሬ ያንን ጀርባ ስንት ነገር ከፍዬ በገዛሁት።

አዛን ሲል ተነሳች። ሆስፒታል የምትሄድበት ሰዓት ነበር። እኔ ወደ እሷ ቦታ ልንከባለል ስል፣ «ቆይ» አለችና ጆንያውንም ቁርበቱንም ከሥር ሳበችው። ተኝታበት የነበረውን ሁሉ ወሰደች። ባዶው አፈር ቀረ። ይህም ንፍገት መሰለኝ፤ ቁርበቷን እንኳን ነፈገችኝ አልኩ። እሷ ግን አፈሩን በመዳፏ ፈተነችና፣ «አሁን ተኚ» አለችኝ። «መሬቱ ምንም የለበትም።»

ሙቀቱ ገና አልወጣም ነበር። የረገጥኩት እኔ ነኝ። ፊቴን አፈሩ ላይ አድርጌ ተኛሁ። የእግሯ ድምፅ ጭጋጉ ውስጥ እስኪጠፋ ሰማሁት።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ መጣ። ሰይፈዲን የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ቤት የሚኖረው በጉዞና በጉዞ መሃል ብቻ ነው። ከደቡብ ተመልሶ ወደ ኢትዮጵያ በኩል የሚሻገርበት ጉዞ ነበር። ልብሴ በፌስታል ተቋጥሮ ይጠብቀኝ እንደነበር ያየሁት ያኔ ነው።

«ያቤሎ አክስትሽ ጋ ትቆያለሽ» አለኝ። «ትንሽ ጊዜ።»

እናቴ ግቢው በር ላይ ቆማለች። ነጠላዋ አፏ ላይ ነው። ሁለት እጆቿን ኋላዋ አድርጋቸዋለች። አልሳመችኝም። አባቴ አንስቶ መኪናው ላይ ሲያስቀምጠኝ እጇን ታውለበልብልኛለች ብዬ አየኋት። እጆቿ ከኋላዋ አልወጡም። አሁን ሳስበው፣ አንዱ ሌላውን ይዞ ነበር የቆመው።

«ሰይፈዲን» አለችው። «እግሯን ሸፍንላት። ቶሎ ይቀዘቅዝባታል።»

ትንሽ ጊዜ የተባለው ዓመታት ሆነ። ስድስቱ ወር ሲያልቅ አክስቴ ወለደች፣ ከዚያ አባቴ መኪና ቀየረ፣ ከዚያ ድንበሩ ላይ ግርግር ተነሳና ሰው ልጁን ወደዚያ አይልክም ነበር። ስመለስ ከእናቴ ትከሻ ደርሻለሁ። ድና ነበር። ወፍራለች። የእንጨት አልጋ ገዝታለች፤ ለእኔም ሌላ አልጋ ገዝታ በፊት ለፊቷ አስቀምጣልኛለች። ደስ እንዲለኝ አንሶላውን ባለ አበባ መርጣልኛለች። ደስ ያለኝ መሰልኩ። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን አናውቅም ከዚያ በኋላ። ትልቅ ልጅ እናቷ አልጋ ውስጥ ምን ብላ ትገባለች? እሷም ልማድ ሆኖባት ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ነው የምትተኛው።

ያንን ሌሊት አንስተን አውርተን አናውቅም ነበር። 

በመጨረሻዎቹ ዓመታቷ እኔ ቤት ነበረች። ከመሞቷ በፊት በነበረው ሐምሌ፣ ጭጋጉ ቆርቆሮው ላይ ሲንጠባጠብ፣ እግሯን በርዷት እንደሆነ ላይ ገባሁ። ቀጭን ሆናለች። ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው። ካልሲ አደረግኩላት፣ ብርድ ልብሱን ከሥሯ ወሸቅኩት፣ እንደገና አውጥቼ እንደገና ወሸቅኩት።

«ኧረ ተይኝ» አለች። «ሞቆኛል።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለምን ያኔ እንደጠየቅኳት አላውቅም።

«እማ፣ እመቤትን ታስታውሻታለሽ?»

ግድግዳውን እያየች፣

«የትኛዋን?» አለችኝ።

ከዚያ፣ ቀስ ብላ፣ በክርኗ እየተደገፈች ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ፊቴ ጋ መጣ። የብርድ ልብሱን ጫፍ አነሳችልኝ።

«በይ ግቢ» አለችኝ። «ብርድ አታስገቢብኝ።»